ባለ ሁለት እጅ ዘንግ፦ ለተንሳፋፊ ዝንብ የትኛውን ገመድ ልሰር?

የአራት ኪሎው፦
ሰላም ለሁላችሁ። ወንድሜ ከስኮትላንድ ሲመጣ ትራውት ለሚባለው ዓሣ የሚሆን ባለ ሁለት እጅ የማጥመጃ ዘንግ አመጣልኝ፤ ርዝመቱ 3 ሜትር ከ35፣ የሚስማማውን የገመድ ክብደት የሚያመለክተው ቁጥሩ 3 ነው። አብረውት ሁለት ተንሳፋፊ ገመዶች መጥተዋል። ማሸጊያቸው ስለ ተጣለ ዓይነታቸውም ክብደታቸውም አይታወቅም። አንዱ አጭርና ወፍራም ነው፤ ሌላው ረዘም ብሎ ወደ ጫፉ እየሳሳ ይሄዳል። ሐሳቤ ባሌ ወርጄ ወብ ወንዝ ላይ በተንሳፋፊ ዝንብ (መንጠቆ ላይ በሚሠራ ነፍሳት መሳይ ማታለያ) ማጥመድ ነው። የትኛው ይሻለኛል?

ሌላም አለ። ጠዋት ጠዋት ጃን ሜዳ እለማመዳለሁ። ገመዱን ከጎኔ አሳርፌ ወደ ፊት ስወረውር ሣሩ ላይ ተንሸራቶ ወደ ኋላ ያመልጠኛል፤ የቀረውም ተጠቅልሎ እግሬ ሥር ይወድቃል። ኳስ የሚጫወቱት ልጆች «እዚህ ምን ዓሣ አለ?» ማለታቸውን ለምጄዋለሁ፤ ገመዱ ግን እኔን አልለመደኝም።

ዲንሾ መንገድ፦
ዲንሾ አካባቢ ወብም ሆነ ዳንካ በብዙ ቦታ ጠባብ ናቸው። 2 ሜትር ከ70 የሆነ ባለ አንድ እጅ ዘንግ ከቁጥር 4 ገመድ ጋር ከበቂ በላይ ነው። አንተ የምትለማመደው የስፔይ አወራወር (ገመዱን ወደ ኋላ ሳይዘረጉ ከጎን አሳርፎ መወርወር) ስሙን ያገኘው ከስኮትላንዱ ወንዝ ነው፤ ሰፊ ውሃ ላይ ለሳልሞን የተፈጠረ ነገር ነው። ለእኛ ጅረት ምን ያደርጋል?

አሮጌ መንጠቆ፦
ዲንሾ መንገድ፣ ስለ ስፋቱ ልክ ነህ። ስለ ጀርባህ ግን አላሰብክም። ከኋላህ ኮሶ ወይም ጽድ ቆሞ፣ ወይም የወንዙ ዳር ገደል ሆኖ ገመዱን ወደ ኋላ የምትዘረጋበት አየር ከየት ይመጣል? ስፔይ የሚጠቅመው ያኔ ነው። ከኋላ የሚቀረው አጭር የገመድ ቀለበት ብቻ ነውና።

አንተ የአራት ኪሎው፣ አጭሩን መልሰህ ከረጢት ውስጥ ክተተው። ሳላየው እንዲህ ማለቴ ድፍረት እንዳይመስልህ፤ ለባለ ሁለት እጅ ዘንግ አጭርና ወፍራም ሆኖ የሚሠራው ገመድ ስካጂት የሚባለው ነው። የወጣው ከሰሜን አሜሪካ ምዕራብ ዳርቻ ነው፤ ሥራውም ትልቅ ዝንብንና ሰጣሚ ጫፍን ከውሃ ነቅሎ መወርወር ነው። ውሃ ላይ ሲያርፍ ይሰማል። ጉልበት በማይሞላ ጥርት ያለ ውሃ ውስጥ ያለ ትራውት ይህን ሰምቶ አይጠብቅህም። ረጅሙ ስካንዲ የሚባለው ገመድ ሳይሆን አይቀርም፤ ክብደቱ ወደ ኋላው ስለሚያደላ፣ ጫፉም ስለሚሳሳ ዝንቧን በቀስታ ያሳርፋል።

ይሁን እንጂ በመልክ አትወስን፤ መዝነው። ጠቅልለህ ፒያሳ ወደሚያውቅህ ወርቅ ሠሪ ውሰደው። የእርሱ ሚዛን ግራምን ከነክፋዩ ይለያል፤ የሥጋ ቤት ሚዛን ለዚህ አይሆንም። ለአንተ ዘንግ ስካንዲ 15 ወይም 16 ግራም፣ ስካጂት 17 ወይም 18 ግራም ቢሆን ይስማማል። «ቁጥር 3» የሚለው ግን እንዳያሳስትህ። በባለ አንድ እጅ ዘንግ መለኪያ የቁጥር 5 ገመድ የመጀመሪያው 9.14 ሜትር 9.1 ግራም ይመዝናል፤ የቁጥር 8ቱ እንኳ 13.6 ነው። የባለ ሁለት እጅ ቁጥር ሌላ መለኪያ ነው። የባለ አንድ እጅ ቁጥር 3 ገመድ ብታስርለት ዘንግህ ጨርሶ አይጎብጥልህም።

ወደ ጃን ሜዳ ልመለስ። ስፔይ የሚሠራው የገመዱ ጫፍ ለቅጽበት ውሃውን ሲነክስ ነው። ያ ንክሻ ገመዱን ይይዝልሃል፣ ዘንጉም በዚያ ተደግፎ ይጎብጣል። ደረቅ ሣር ምኑን ይይዛል? መፍትሔው ቀላል ነው፦ ከገመዱ ጫፍ ላይ ወፍራም የናይለን ክር እሰር፤ በየስንዝሩ ቋጥረው፣ የየቋጠሮውን ትርፍ ጫፍ ግን አትቁረጥ። ሣሩን እየቧጠጠ ይይዝልሃል። በመንጠቆ ፈንታ ቀይ የሱፍ ክር ቋጥርበት፤ ልጆች አሉ ብለሃልና። ዝናብ ካደረ ደግሞ እርጥቡ ሣር ራሱ ይረዳሃል። (የጥምቀተ ባሕሩን ገንዳ ግን እንዳታስበው!)

እግርህ ሥር የሚወድቀው የላይኛው እጅህ ስለሚገፋ ነው። የላይኛው እጅ አቅጣጫ ብቻ ይስጥ፤ የታችኛው እጅህ የዘንጉን እጀታ ወደ ሆድህ ይሳብ። ዘንጉን ከፍ እንዳለ አቁመው፤ እስከ መሬት ተከትለኸው አትውረድ።

የአራት ኪሎው፦
ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ወርቅ ሠሪው መጀመሪያ ሳቀ፤ ከዚያ ግን ከእኔ ይልቅ እርሱ ጓጓ፣ ሁለቱንም ደግሞ መዘናቸው። አጭሩ 17.8 ግራም፣ ረጅሙ 15.6 ግራም ነው። ቋጠሮውም ሠራልኝ፤ ገመዱ አሁን ያዝ ያደርጋል። አንድ ነገር ልጠይቅዎ፦ በእያንዳንዱ ውርወራ ጫፉ ውሃ የሚነክስ ከሆነ ዝንቧ አትሰጥምም?

አሮጌ መንጠቆ፦
ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ተስፋ ቆርጦ ዘንጉን ይሸጣል። ውርወራዎቹ ሁለት ዓይነት ናቸው። አንዱ ገመዱን ውሃ ላይ አስተኝቶ እያዘዋወረ የሚያዘጋጅ ነው፤ በዚህ ዝንቧ ትጠጣለች። ሌላው ነክቶ ወዲያው የሚነሣ ነው፤ «ነጠላ ስፔይ» የሚሉት ከዚህ ወገን ነው። አንተ ሁለተኛውን ተማር። ውሃ የሚነካው ገመዱን ከዝንቧ ጋር የሚያያይዘው ስሱ ክርና ትንሽ የገመዱ ጫፍ ብቻ ይሁን። ስሱን ክር 4 ሜትር ያህል አድርገው። ዝንቧ በአጋዘን ፀጉር ወይም በስፖንጅ የተሠራች ትሁን፤ መንሳፈፊያ ቅባት ቀብተህ ስትረጥብ በጨርቅ አድርቀህ እንደገና ቀባት። ከኋላህ ሜዳ ባገኘህበት ቦታ ደግሞ አንድ ሁለቴ በአየር ላይ አወዛውዘህ አድርቃት፤ ይህን የሚከለክል የስፔይ ሕግ የለም።

ነፋሱ ከቀኝህ ከመጣ ቀለበቱን በግራህ በኩል ሥራ። ካልሆነ መንጠቆው ጆሮህን ያገኘዋል።

ዲንሾ መንገድ፦
እሺ፣ ስለ ጀርባው ተረታሁ። የእኔ ድርሻ ይኸው፦ ትራውቶቹ ከኬንያ መጥተው የተለቀቁ ናቸው፤ ቡናማውም ቀስተ ደመናውም አለ። ቦታው ብሔራዊ ፓርክ ስለሆነ ከመሄድህ በፊት ዲንሾ ያለውን የፓርኩን ጽሕፈት ቤት ስለ ማጥመጃ ፈቃድ ጠይቅ። ከአዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ያን ያህል ተጉዘህ «አይቻልም» መባል ያናድዳል። ከፍታው ከ3,000 ሜትር ስለሚበልጥ ሌሊቱ ይበርዳል፤ ጋቢህን አትርሳ።