የአባቴ ቢላ እጀታ ወለቀ፣ ለነገ ጠዋት ድረሱልኝ

የሐይቁ ልጅ፦ ሰላም ቤተሰብ፣ ቸኩያለሁ። አሞራ ገደል፣ ሐዋሳ ዓሣ ገበያው ላይ፣ ፊሌቶ እያወጣሁ ብረቱ ዓሣው ውስጥ ተሰክቶ እጀታው ብቻ እጄ ላይ ቀረ። ሱፐር ግሉ ሞከርኩ፣ አልያዘም። ነገ 12 ሰዓት ሥራ እገባለሁ። ምን ላድርግ?

ታቦር ሥር፦ ዓሣው ዕድለኛ ነው 😂 አዲስ ግዛ በቃ።

እናት ጓዳ፦ ልጄ፣ ቢላ ውሃ ውስጥ ተዘፍዝፎ አያድርም። ታጥቦ ወዲያው ይደርቃል። እናንተ ልጆች ባልዲ ውስጥ ጥላችሁት ትሄዳላችሁ፣ ከዛ እጀታው ይበሰብሳል።

ብረት ቤት፦ ጭራውን፣ እጀታው ውስጥ የሚገባውን የብረቱን ጫፍ፣ እሳት ውስጥ አግለህ እጀታው ላይ ምታው። ድሮም እንደዚህ ነው የሚሠራው።

የሐይቁ ልጅ፦ እሺ እማማ። @ታቦር ሥር አዲስ አልፈልግም፣ ይሄ ከመኪና ባሌስትራ የተቀጠቀጠ ነው፣ አባቴ ዕድሜውን ሙሉ ሠርቶበታል። ጭራው ጣት ያህላል፣ ዝገቱ እንደ ቅርፊት እየተላጠ ነው። እጀታው ደህና ነው፣ አልተሰነጠቀም።

ወይራ አናጢ፦ ችግሩ እሱ ነው ወንድሜ። ማጣበቂያው የያዘው ዝገቱን ነው፣ ዝገቱ ደግሞ ብረቱን ለቋል። ጭራውን ብቻ አቼቶ ውስጥ ሁለት ሦስት ሰዓት አቆየው፣ ከዛ ነጭ ብረት እስኪታይ በካርታቬትሮ ፈትገው። በቤኪንግ ሶዳና ውሃ አጥበህ አድርቅ። ጎንና ጎኑን በሞረድ ጫር ጫር አድርገው፣ ማጣበቂያው የሚነክሰው ነገር ይፈልጋል። ቀዳዳውንም ፍቀህ አጽዳ፣ እርጥብ ከሆነ እስኪደርቅ ጠብቅ። የዓሣ ስብ ካለ ምንም አይዝም፣ ጭራውን በአልኮል ጥረገው። ኢፖክሲ የሚባለውን ባለሁለት ቱቦ ማጣበቂያ ቀላቅለህ ቀዳዳው ውስጥ አድርግና ጭራውን ቀስ ብለህ አስገባ። ብረቱና እንጨቱ የሚገናኙበት ላይ ክፍተት አትተው፣ ውሃ የሚገባው በዛ ነው። ለነገ ግን አይደርስም። የአምስት ደቂቃ ኢፖክሲ የሚባለውም ቢሆን 24 ሰዓት ስጠው፣ ነገ ቢላ ተዋስ።

ታቦር ሥር፦ ሱፐር ግሉ ላይ ሶዳ ነስንስበት፣ ወዲያው ድንጋይ ይሆናል።

ወይራ አናጢ፦ ድንጋይ ይሆናል፣ ግን ሲመታ ይሰበራል። ዓሣ ላይ ደግሞ እጅ ያንሸራትታል፣ ስለቱ ላይ ብታርፍስ? @ብረት ቤት ማጋሉ ይሠራል፣ ግን ሙቀቱ ስለቱ ጋ ከደረሰና ሰማያዊ ከሆነ ብረቱ ይለሰልሳል፣ ስለት አይዝም። የሚያግል ሰው ስለቱን በእርጥብ ጨርቅ ይጠቅልል።

ብረት ቤት፦ እኔ ጨርቅ ጠቅልዬ አላውቅም፣ ምንም ሆኖብኝ አያውቅም።

እናት ጓዳ፦ ሲያልቅ የተልባ ዘይት ቀባው ልጄ። የምግብ ዘይት አይደርቅም፣ ይሸታል።

ወይራ አናጢ፦ ትክክል። የቀባህበትን ጨርቅ ግን ጠቅልለህ አትጣል፣ በራሱ ሊነድ ይችላል። ውጭ ዘርግተህ አድርቀው።

ሞርሳ፦ ከሱፐር ግሉ ጋር ሶዳ ሞክር።

እናት ጓዳ፦ የሐይቁ ልጅ፣ ቢላ ተዋስክ ወይ? ያዘልህ?