ለተወዛዋዥ ወንበር እንጨት ማጉበጥ፦ ሦስት ሰበርኩ፣ አራተኛውን ሳልሰብር ድረሱልኝ

የጦሳ ሥር አናጺ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ደሴ ነኝ፤ ቧንቧ ውሃ አካባቢ አንዲት ጠባብ የእንጨት ሥራ ቤት አለችኝ። በር፣ መስኮት፣ አልጋ፣ ቁም ሳጥን፣ ያው የምታውቁት ነው። ቀጥ ያለ ነገር አያስቸግረኝም።

ያስቸገረችኝ እናቴ ናት። ጉልበቷን ስለሚያማት በርጩማ ላይ ቁጭ ብላ መነሳት ከብዷታል። ስልክ ላይ ተወዛዋዥ ወንበር አየችና "ይቺን ሥራልኝ" አለች። ጊዜ የለኝም ስላት "የሰው በር ስትሠራ ትውላለህ፣ ለእናትህ አንዲት ወንበር?" አለችኝ። ከዚህ በኋላ ምን ይባላል?

ወንበሩ ከታች ሁለት የጎበጡ እንጨቶች አሉት። የመጀመሪያውን ከሰፊ ጣውላ በመጋዝ ቅርጹን ቆርጬ አወጣሁት። አማረ። ግን ጫፉ ላይ የእንጨቱ ጭረት (የቃጫው መስመር) አግድም ሆኖ ኖሮ ገና ብርጭቆ ወረቀት ስመታው ተገንጥሎ ወደቀ።

ከዚያ በእንፋሎት ልሞክር አልኩ። በርሜል ላይ ውሃ ጣድኩ፣ ከአፉ ላይ የቧንቧ ሠራተኞች የሚጠቀሙበትን ፕላስቲክ ቱቦ ቀጠልኩ፣ እንጨቱን ቱቦው ውስጥ ከተትኩ። ትንሽ ቆይቶ እንጨቱ ሳይጎብጥ ቱቦው ጎበጠ። ጎረቤቶቼ እስካሁን ይስቁብኛል።

ቱቦውን በላሜራ ሳጥን ቀየርኩት። እንጨቱ ዋንዛ ነው፤ 90 ሳንቲ ርዝመት፣ 3 ሳንቲ ውፍረት፣ ሦስት ዓመት ጣሪያ ሥር የደረቀ። አንድ ሰዓት ከሩብ ቀቀልኩት። አውጥቼ ፎርማው (ቅርጽ ማስያዣው) ላይ ሳስጠጋው መጀመሪያ እሺ አለ። ደስ አለኝ። ከዚያ ጧ! በውጭ በኩል፣ ልክ መሃሉ ላይ፣ ስንጥሩ ብድግ አለ። ሌላኛውም እንደዚሁ።

እንጨቱ ነው? ሰዓቱ ነው? ወይስ እኔ ነኝ?

የኮምቦልቻው ሞርሳ፦

ልጄ፣ እናትህን አላህ ያሽርልህ። ሦስቱም ነው።

ሦስት ዓመት የደረቀ እንጨት ለበር ወርቅ ነው። ለማጉበጥ ግን ውስጡ እርጥበት የቀረለት ይሻላል። ከዘራ ሲሠሩ አይተህ ታውቃለህ? ወይራው ገና እርጥብ እያለ ነው እሳት አሳይተው እጀታውን የሚያጎብጡትና አስረው የሚተዉት። ከውጭ የሚመጣው በምድጃ የደረቀ ጣውላማ ከሁሉ የባሰ እምቢተኛ ነው። ጭረቱንም እይ፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ ቀጥ ብሎ ይሂድ፣ ቅርንጫፍ የበቀለበት ዓይን አይኑርበት። በመጥረቢያ የተፈለጠ ብታገኝ ደግሞ ይመረጣል። መጥረቢያ ጭረቱን ተከትሎ ነው የሚሄደው፤ መጋዝ ግን ደንታ የለውም።

አንተን የሰበረህ ግን ቀበቶ አለማድረግህ ነው። የሞቀ እንጨት ቢያምቁት እሺ ይላል፣ ቢለጥጡት እምቢ ይላል። ከ100 ሳንቲ 1 ወይም 2 ሳንቲ እንኳ ብትለጥጠው ይበጠሳል። በውስጥ በኩል ግን ከዚያ ብዙ እጥፍ ይታመቃል። ስለዚህ የውጭው ጎን እንዳይለጠጥ ከልክለው። እንደ እንጨቱ ስፋት ስስ ላሜራ ቁረጥ፣ ሁለቱ ጫፍ ላይ ወፍራም ብረት በየድበት። እንጨቱ በሁለቱ ብረቶች መሃል ግጥም ብሎ ይግባ፣ ላሜራው በውጭ በኩል ይሁን። መርዘም ሲከለከል ወደ ውስጥ ይታመቃል፤ ሌላ ምርጫ የለውም።

ሰዓቱን በተመለከተ፣ ልማዱ ለ2.5 ሳንቲ ውፍረት 1 ሰዓት ነው። አንተ ግን ያለኸው ደሴ ነው፣ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ። እናንተ ጋ ውሃ 92 ዲግሪ አካባቢ ላይ ይፈላል፤ ከሐረጎ በታች እኛ ጋ 94 ይደርሳል። የባቄላ ንፍሮ ደሴ ላይ ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ እናትህን ጠይቃት። ሁለት ሰዓት ስጠው።

ከሳጥኑ ሲወጣ አንድ ደቂቃ እንኳ ብዙ ነው። ጓንት አድርግ፣ ረዳት ያዝ፣ ሞርሳዎቹን ቀድመህ ከፍተህ ደርድር። ስልክ ቢጠራ አታንሳ።

ሸዋበር ኮላ፦

ጋሼ ያሉት የቀበቶ ዘዴ የወንበር ሠሪው የሚካኤል ቶኔት ነው። ቪየና ላይ በ1859 ያወጣው ቁጥር 14 የካፌ ወንበር በዚሁ መንገድ የጎበጠ ነው። ስድስት እንጨት፣ አስር ብሎን፣ ሁለት ዳዶ፣ አለቀ። ተፈታትቶ ሲታሸግ 36 ወንበር በአንድ ሜትር ኩብ ሳጥን ይገባ ነበር። እኔ ብሆን ግን እንፋሎቱን ትቼ ደረቁን ዋንዛ 3 ሚሊ 3 ሚሊ እሰነጥቀዋለሁ፤ ኮላ ቀብቼ ፎርማው ላይ አንድ ላይ አስረዋለሁ። አይሰበርም። ነጩን ኮላ ብቻ አትመነው፤ እንጨቱ ሁሌ ለመቃናት ስለሚታገል እሱ ቀስ እያለ ይሸራተታል። ደርቆ ድንጋይ የሚሆነውን፣ ዱቄቱ በውሃ የሚበጠበጠውን ፈልግ።

የኮምቦልቻው ሞርሳ፦

ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ ግን 3 ሚሊ ለማውጣት መጋዙም 3 ሚሊ ይበላል። ግማሹ ዋንዛ ሰጋቱራ ሆኖ ይቀራል። ዋጋውን አንተው ታውቀዋለህ።

የጦሳ ሥር አናጺ፦ (ከሦስት ሳምንት በኋላ)

ጋሼ፣ እጅዎ ይባረክ! እርጥበቱ ያልወጣለት ቀጥ ያለ ባህር ዛፍ አገኘሁ። ቀበቶውን የሰፈር በያጅ ሠራልኝ፣ ሁለት ሰዓት ቀቀልኩት፣ ጎበጠ! የእውነት ጎበጠ። ድምፅ እንኳ አላሰማም። ፎርማው ላይ አስሬ ስምንት ቀን ተውኩት፤ ከዚያ ሁለተኛውን በዚያው ፎርማ ሠራሁ፣ እሱን ግን ቸኩዬ በአምስተኛው ቀን ፈታሁት።

ችግሩ፣ ሲፈቱ ሁለቱም ትንሽ ከፈት አሉ፤ የኋለኛው ደግሞ ባሰበት። አሁን ወንበሩ ሲወዛወዝ ቀስ እያለ ወደ ግራ ይሄዳል።

የኮምቦልቻው ሞርሳ፦

መክፈቱ ያለ ነው፤ ፎርማውን ከምትፈልገው ትንሽ አጥብቀህ ነው የምትሠራው። በአምስት ቀን መፍታት ግን ምን አስቸኮለህ? የደሴ ጉም መቼ እንጨት ያደርቃል? ደግሞ ሁለት አይጎበጥም ነበር። አንድ ሰፊ አጉብጠህ፣ ሲደርቅ መሃሉን በመጋዝ ለሁለት ትከፍለዋለህ። መንታ ይሆናሉ።

የጦሳ ሥር አናጺ፦

ይቺን አስቀድመው ቢነግሩኝ ምን ነበረበት ጋሼ!

የኮምቦልቻው ሞርሳ፦

የጠየቅኸኝ ስለ መስበር ነዋ።

የጦሳ ሥር አናጺ፦

እሱስ ልክ ነዎት። ፈትቼ እንደገና ልሥራው ብላት እናቴ እንዳትነካው አለችኝ። ረከቦቱ ያለው በግራዋ በኩል ነው።