የአንድ አሚኖ አሲድ ለውጥ አንዳንዴ የሚጎዳው፣ አንዳንዴም የማይጎዳው ለምንድን ነው?

ጥያቄ (የሥነ ሕይወት መምህር፣ ደብረ ብርሃን)
የተከበራችሁ የሙያ ባልደረቦቼ፣ የ12ኛ ክፍል ተማሪዎቼን ስለ ሚውቴሽን (በዘር መረጃ ላይ ስለሚደርስ ለውጥ) ሳስተምር አንዲት ተማሪ የጠየቀችኝን በሚገባ ሳልመልስላት ቀርቻለሁ። በቀይ የደም ሕዋስ ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ፕሮቲን፣ የሂሞግሎቢን፣ ቤታ ሰንሰለት 146 አሚኖ አሲዶች (የፕሮቲን መገንቢያዎች) አሉት፤ 6ኛው ግሉታሚክ አሲድ ብቻ በቫሊን ሲተካ ቀይ የደም ሕዋስ እንደ ማጭድ ይቆለመማል። ብዙ ሌሎች ለውጦች ግን ምንም ጉዳት ሳያደርሱ ያልፋሉ። «ሁሉም የአንድ አሚኖ አሲድ ለውጥ ከሆነ ልዩነቱ ከየት መጣ?» አለችኝ። የፕሮቲኑ አጣጣፍ (ሰንሰለቱ ተጠቅልሎ የሚይዘው ቅርጽ) ስለሚበላሽ ነው ብዬ መለስኩላት፤ መልሱ ግን እኔንም አላረካኝም።

መልስ 1 (ጡረታ የወጣሁ መምህር፣ መሐል ሜዳ)
መምህር፣ ከፊደላችን ቢነሡ ለተማሪዎችዎ ይቀላል። «ሠላም» ተብሎ ቢጻፍም ሆነ «ሰላም» ንባቡም ትርጉሙም አንድ ነው፤ «ሰም» በሚለው ቃል የመጀመሪያውን ፊደል ከግዕዝ ወደ ሳድስ ቢለውጡት ግን «ስም» ይሆንና የሻማው ነገር ይቀራል። በዲኤንኤም ጂኤጂ የሚለው ኮዶን (አንድ አሚኖ አሲድን የሚያመለክት የሦስት ፊደላት ቃል) ወደ ጂኤኤ ቢለወጥ ሁለቱም ግሉታሚክ አሲድን ስለሚያመለክቱ ፕሮቲኑ አይነካም፤ ጂቲጂ ሲሆን ግን ቫሊን ይገባል። ቀጥሎ መታየት ያለበት ቦታው ነው። ፕሮቲን ሲታጠፍ ውኃ የሚሸሹት አሚኖ አሲዶች በአብዛኛው ወደ ውስጥ ይሰበሰባሉ፤ ቅርጹን አጽንተው የሚይዙትም እነሱ ናቸው። የመንዝን የድንጋይ ካብ የሠራ ሰው እንደሚያውቀው፣ ከላይ ያለው ድንጋይ በሌላ ቢተካ ካቡ ይቆማል፤ ከሥር አንዱ ሲመዘዝ ግን ይናዳል።

መልስ 2 (የባዮኬሚስትሪ ተማሪ፣ ደብረ ብርሃን)
የመምህራችንን የካብ ምሳሌ እቀበላለሁ፤ ሆኖም ከማጭዴው ሕመም ጋር አይገጥምም። ቨርነን ኢንግራም እ.ኤ.አ. በ1957 ለይቶ ያሳየው ይህ የ6ኛው ቦታ ለውጥ የሚገኘው በሞለኪውሉ ገጽ ላይ ስለሆነ፣ አጣጣፉ ከሞላ ጎደል እንደነበረ ነው። ችግሩ ውኃ የሚሸሸው ቫሊን በገጹ ላይ መቅረቱ ነው፤ ሂሞግሎቢኑ ኦክስጅኑን ሲለቅ ይህ ቫሊን በጎረቤቱ ሞለኪውል ላይ ካለ ጎድጓዳ ስፍራ ገብቶ ይጣበቃል፤ ሞለኪውሎቹም ተያይዘው ረጃጅም ክር ይሆኑና ሕዋሱን ይወጥሩታል። በዚያው ቦታ ላይሲን የተባለው ሌላ አሚኖ አሲድ ሲገባ እንዲህ ያለ ክር አይፈጠርም። ለካቡ የሚስማማው ሲስቲክ ፋይብሮሲስ የተባለው፣ ሳንባን የሚጎዳ የዘር ሕመም ነው፤ 1480 አሚኖ አሲዶች ካሉት ፕሮቲን 508ኛው ፌኒልአላኒን ሲጎድል ፕሮቲኑ በትክክል መታጠፍ ያቅተውና አብዛኛው የሕዋሱ ሽፋን ዘንድ ሳይደርስ በሕዋሱ ውስጥ ይፈርሳል። ዛሬ እንዲታጠፍ የሚያግዙት መድኃኒቶች መገኘታቸው ደግሞ ጥፋቱ ከአጣጣፉ ላይ እንደነበረ ያስረዳል፤ ይህን ለተማሪዎች መንገር ይገባል እላለሁ።

መልስ 3 (የላቦራቶሪ ባለሙያ፣ ሸዋ ሮቢት)
እኛ ቆላ ያለነው ይህን ነገር በወባ እናውቀዋለን። ለፋልሲፓረም ወባ ይሰጥ የነበረው ክሎሮኪን ፈውስነቱ ስለደከመ በሌላ ተተካ፤ እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮም ኮአርተም ሆነ። ከዋና ዋናዎቹ ምክንያቶች አንዱ የተውሳኩ አጓጓዥ ፕሮቲን 76ኛ ቦታ ላይ ላይሲን በትሪዮኒን መተካቱ ነው። ፕሮቲኑ አልፈረሰም፤ የተውሳኩን ሥራ መሥራቱንም አልተወም። ነገር ግን በዚያ ቦታ የነበረው የላይሲን አዎንታዊ ሙል (የኤሌክትሪክ ቻርጅ) ሲጠፋ፣ ራሱም አዎንታዊ ሙል የያዘው ክሎሮኪን የሚከለክለው ያጣና፣ ተውሳኩን ሊገድል ከተከማቸበት ከረጢት በዚያው ፕሮቲን በኩል ተመልሶ ይወጣል።