የሰፈራችን አረንጓዴ ቦታ አገር በቀል ብቻ ይሁን?

አወያይ፦ ጎረቤቶች፣ የኮሚቴው ሐሳብ ይኸው። ክረምት ሲገባ መንገድ ዳር ባለው ባዶ ቦታ የሚተከለው አገር በቀል ብቻ ይሁን፣ በየግቢያችንም እንደዚያው። ምን ትላላችሁ?

የጅሬን ልጅ፦ እኔ እስማማለሁ! ጅማ ተቀምጠን ግራቪሊያን ከአውስትራሊያ፣ የፈረንጅ ጥድን ከሜክሲኮ በኩል ማምጣት ምን ይሉታል! ለቡና ጥላ የሚሆኑት ሰሳ፣ ብርብራና ዋንዛ እዚሁ አጠገባችን አሉ። ብርብራ እኮ የኢትዮጵያ ብቻ ዛፍ ነው።

ችግኝ ሻጭ፦ ወሬው ያምራል። ግን ደንበኛዬን ብርብራ ውሰድ ስለው ፊቱን ያዞራል፣ የሚፈልገው ጽጌረዳና ቡጌንቪላ ነው። ግራቪሊያ ቶሎ ቀጥ ብሎ ያድጋል፤ ዝግባ ብትተክል ግን ጥላው ስር የሚቀመጠው የልጅ ልጅህ ነው 😂

ባለጓሮ፦ «አገር በቀል» ስትሉ መጠንቀቅ ነው። ጤናዳም እንኳ የትውልድ አገሩ ሜዲትራኒያን አካባቢ ነው። ቡናችን ላይ ጣል የምናደርገውን ነቅለን እንጣል?

የጅሬን ልጅ፦ ማን ንቀሉ አለ? አዲስ ስለሚተከለው ነው የማወራው።

ንብ አናቢ፦ ጥያቄው የተሳሳተ ይመስለኛል። ከየት መጣ ከማለት በፊት የት ይተከል በሉ። እኔ ራሴ አገር በቀል ነው ብዬ ሾላ ከሽንት ቤት ጉድጓድ አጠገብ ተክዬ ሥሩ ግድግዳውን ሰንጥቆልኛል፣ ጥፋቱ የሾላው ሳይሆን የኔ። የሾላ ቦታ አዌቱ ወንዝ ዳር ነው፤ እዚያ ወፉም ጦጣውም ይበላዋል። ለመንገድ ዳር ዋንዛ ይሁን፣ ነጭ አበባው ሲፈነዳ ንቦቼን ማየት ነው! የኤሌክትሪክ ሽቦ ስር ግን እንዳትተክሉት። ለአጥር ሰንሰል የሚያህል የለም፣ ክረምት መግቢያ ላይ ቅርንጫፉን ቆርጠህ መሬት ብትሰካው ይበቅላል። ሌባ ያስቸገረው ደግሞ ኮሽም ይትከል፣ እሾሁ ዘበኛ ነው።

ተከራይ፦ እኛ አንዲት ክፍልና በረንዳ ብቻ ያለንስ? ዋንዛ በባልዲ ልትከል?

ባለጓሮ፦ 😂 ጥላ ካለሽ እንሶስላ ትከዪ። ነጭ አበባው ማታ ማታ ጥሩ ይሸታል፣ ሥሩን ደግሞ ለእጅና ለእግር ትቀቢዋለሽ። እናቶቻችን የሚያውቁት ነው፣ ዛሬ ሱቅ ሂናን እንፈልጋለን።

ችግኝ ሻጭ፦ እሺ፣ እንሶስላ ማን አምጥቶልኝ ነው የምሸጠው? ችግኝ ጣቢያው የሚያፈላው ግራቪሊያ ነው። ደንብ ከማውጣታችሁ በፊት ዘር አምጡ።

የጅሬን ልጅ፦ አንተ ካልጠየቅካቸው ለምን ያፈላሉ?

ችግኝ ሻጭ፦ አንተ ካልገዛኸኝ ለምን እጠይቃለሁ?

አወያይ፦ 😅 «ብቻ» የምትለዋን ቃል ላውጣት? ለመንገዱ ዳር ዋንዛና ብርብራ፣ ግቢ የየራስ።

የጅሬን ልጅ፦ የፈረንጅ ጥድ አጥር ግን አይሆንም፣ እዚህ ላይ አልለቅም።

ንብ አናቢ፦ ሰንሰል የሚፈልግ ቅዳሜ ጠዋት በሬ ላይ ይምጣ፣ ቆርጬ አስቀምጣለሁ። ገጀራ የራሳችሁን ያዙ፣ ያለፈው ዓመት የተዋሰኝ ሰው እስካሁን አልመለሰም።