የአገር ውስጥ የቆዳ ጫማ ለማስተዋወቅ ሐሳብ እርዱኝ

ሰላም ወገኖች። ጨንቆኛልና ሐሳብ ለግሱኝ። መርካቶ አካባቢ የቆዳ ጫማ ለሚሠራ አነስተኛ ድርጅት የዲጂታል ማስታወቂያ እየሠራሁ ነው። ጫማው የእውነት ጥሩ ነው። ገበሩም ቆዳ ነው። ሶሉ በማስቲሽ ተለጥፎ ብቻ አይቀርም፤ ዙሪያውን ይሰፋል። ግን ይህን በስልክ ስክሪን ላይ እንዴት ላሳየው? ቴሌግራም ላይ ፎቶና ዋጋ ስንለጥፍ የሚመጣው ጥያቄ «የቱርክ ነው?» የሚል ነው። የአገር ውስጥ ነው ስንል ዝም ይላሉ። ይሄ ያመኛል።

ሶል ሬብልስ የተባለው የአገራችን ጫማ አምራች በ2004 እ.ኤ.አ. ከአዲስ አበባው ዘነበወርቅ ሰፈር ሲነሳ የበረባሶን፣ ማለትም ከመኪና ጎማ የሚሠራውን ጫማ፣ ታሪክ ይዞ ነው ዓለም ገበያ የገባው። እኛስ የቱን እንያዝ? እኔ ሠራተኞቹን ራሳቸውን ቲክቶክ ላይ ማሳየት አስቤያለሁ። ቆዳው ሲቆረጥ፣ በእግር ቅርጽ በተሠራው ፎርማ ላይ ሲወጠር፣ መዶሻው ሲያርፍ፤ ያለ ሙዚቃ፣ በራሱ ድምፅ። ባለቤቱ ደግሞ ታዋቂ ሰው ያስተዋውቀው ይላሉ። በጀታችን ለሁለቱም አይበቃም። በዶላር የሚከፈል ማስታወቂያማ ካርዱም የለን።

በዚህ ሥራ ያለፋችሁ፣ ሰው ቪዲዮ አይቶ ከማለፍ ወደ ማዘዝ የሚመጣው በምንድን ነው? ጫማውን በእግሩ ሳይለካስ የጫማውን ቁጥር እንዴት ይመነው? በተለይ ይህችን ንገሩኝ።