መብራት ጠፍቶ ሲመጣ የቤቱ ኮምፒውተር እንዴት በራሱ ይነሳ?

ማራኪ18፦
ሰላም ለሁላችሁ። ጎንደር፣ ማራኪ ቤት ውስጥ ፒችትሪ (የሒሳብ መመዝገቢያ ፕሮግራም) የተጫነበት ዴስክቶፕ አለኝ፤ ዊንዶውስ 10 ፕሮ ነው። ለሦስት ሳምንት አዲስ አበባ ስለምሰነብት ከላፕቶፕ እየገባሁ ሒሳብ መመዝገብ እፈልጋለሁ። ኤኒዴስክ (ከርቀት ወደ ኮምፒውተር የሚያስገባ ፕሮግራም) ሞክሬው ይሠራል። ጭንቀቴ መብራት ነው፤ ጠፍቶ ሲመጣ ኮምፒውተሩ አይነሳም፣ ቤት ደግሞ የሚያበራው ሰው የለም። ራውተሩ ላይ 3389 ፖርት (የዊንዶውስ ሪሞት ዴስክቶፕ መግቢያ በር) ክፈት ያሉኝም አሉ። ልክፈት?

አዘዞ ጥገና፦
ወንድሜ፣ ፖርቱን አትክፈት። 3389 ለኢንተርኔት ክፍት ሲሆን ቀን ከሌት ፓስወርድ የሚሞክሩ ፕሮግራሞች ይረባረቡበታል፤ ፋይል ቆልፈው ገንዘብ የሚጠይቁትም ብዙ ጊዜ በዚሁ ነው የሚገቡት። ብትከፍተውም ላይጠቅምህ ይችላል። የራውተርህ ገጽ ላይ ዋን አይፒ (ራውተሩ ከኢንተርኔት በኩል ያለው አድራሻ) የሚለውን እይ፤ በ10 ወይም ከ100.64 እስከ 100.127 ባለው ቁጥር ከጀመረ አድራሻው የብዙ ደንበኞች የጋራ ስለሆነ ከውጭ የሚመጣ ጥሪ ቤትህ አይደርስም።

ወደ መብራቱ። ኮምፒውተሩ ሲነሳ ዴሊት ወይም ኤፍ2 (አንዳንዱ ላይ ኤፍ10) እየነካካህ ባዮስ (ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት የሚከፈተው የማሽኑ ማስተካከያ ገጽ) ግባ። ፓወር ማኔጅመንት ውስጥ «ሪስቶር ኦን ኤሲ ፓወር ሎስ» ወይም «አፍተር ፓወር ሎስ» የሚል ታገኛለህ፤ «ፓወር ኦን» አድርገው። «ላስት ስቴት» አይሁን፤ መብራት ሲሄድ ማሽኑ ጠፍቶ ከነበረ ሲመጣም እንደጠፋ ይቀራል።

ከዚያ ማዘርቦርዱ ላይ ያለችውን ክብ ባትሪ፣ ሲአር 2032ን፣ በቮልት መለኪያ ለካት። አዲሷ 3 ቮልት ናት። ከደከመች መብራት በጠፋ ቁጥር ያስተካከልከው ባዮስ ወደ ነበረበት ይመለሳል፣ ሰዓቱ ይዛባል፣ ማሽኑም «ኤፍ1 ተጫን» ብሎ ሰው ይጠብቃል። አሮጌ ዴስክቶፕ በርቀት አልገባ ሲል ጣጣው እዚህች ባትሪ ላይ ሊሆን ይችላል።

ፋሲል ኔት፦
ኤኒዴስክን ሳትጭነው እንዲሁ ከፍተኸው ከሆነ ማሽኑ ዳግም ሲነሳ አብሮ አይነሳም። ጫነው፤ ያለ ሰው የሚገባበትንም ፓስወርድ አውጣለት። ነፃው ደግሞ ለግል አገልግሎት ብቻ ነው፤ የንግድ ሥራ ከመሰለው ግንኙነቱን እያቋረጠ ያስቸግርሃል።

እኔ የምመክርህ ቴይልስኬልን (ማሽኖችህን በኢንተርኔት ላይ በግል መስመር የሚያገናኝ ፕሮግራም) እና የዊንዶውስ ሪሞት ዴስክቶፕን ነው። ቴይልስኬልን በሁለቱም ማሽን ጭነህ በአንድ አካውንት ግባ፤ ፖርት መክፈት አያስፈልገውም። ዴስክቶፑ ላይ «ራን አናቴንድድ»ን አብራ፣ አለበለዚያ ሰው ሎግኢን እስኪያደርግ ግንኙነት የለም። በድረ ገጹ ላይ ደግሞ የዴስክቶፑን ኪ ኤክስፓየሪ (የመግቢያ ፈቃዱ የጊዜ ገደብ) አጥፋ፤ ካልነካኸው በ180 ቀን ያበቃና መንገድ ላይ ሳለህ ሊዘጋብህ ይችላል። ሪሞት ዴስክቶፕ በፒን አያስገባም፤ ሙሉ ፓስወርዱን ያዝ። የፓወር ሴቲንግ ውስጥ ስሊፕን «ኔቨር» ማድረግም አትርሳ።

አደራ የምልህ፣ የፒችትሪን ዳታ ፎልደር ሼር አድርገህ ከላፕቶፑ አትክፈት። ኔትወርኩ መሀል ላይ ከተቆረጠ ፋይሉ ሊበላሽ ይችላል። ፕሮግራሙ እዚያው ቤት ይሥራ፣ አንተ ስክሪኑን ብቻ እይ፤ ያኔ ቢቆረጥም ዳግም ስትገባ ሥራህን ካቆምክበት ታገኘዋለህ።

ማራኪ18፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ባትሪዋ 2.5 ቮልት ናት። ዩፒኤስም (መብራት ሲጠፋ ለጥቂት ጊዜ በባትሪ የሚያቆይ መሣሪያ) አለኝ፣ 650 ቪኤ፤ ባትሪው ሲደክም ኮምፒውተሩን በሥርዓት የሚዘጋ ሶፍትዌር አለው። ይህ ችግር ያመጣል?

አዘዞ ጥገና፦
ባትሪዋን ዛሬውኑ ቀይር፤ ከቀየርክ በኋላ ባዮሱን እንደገና አስተካክል።

ዩፒኤሱ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። ሶፍትዌሩ ኮምፒውተሩን ዘግቶት ዩፒኤሱ ራሱ ሳይጠፋ መብራት ከመጣ፣ ማሽኑ ኮረንቲ እንደተቋረጠ አያውቅም፤ ስለዚህ ባዮሱ «ፓወር ኦን» ቢልም አይነሳም። «ከዘጋ በኋላ ዩፒኤሱም ይጥፋ» የሚል ምርጫ ካለው አብራው። ራውተሩንም ከዩፒኤሱ ጋር አገናኘው፤ የሚበላው ጥቂት ዋት ነው። በኮምፒውተሩና በራውተሩ መካከል የኔትወርክ ገመድ ዘርጋ፣ በዋይፋይ አትተማመን።

ከመሄድህ ሁለት ቀን በፊት ሞክረው። የዩፒኤሱን ገመድ ከሶኬት ንቀል፤ ሶፍትዌሩ ኮምፒውተሩን እስኪዘጋና ዩፒኤሱም እስኪጠፋ ጠብቅ፣ ከዚያ መልሰህ ሰካ። ማሽኑን ሳትነካ ላፕቶፑን ከስልክህ ዳታ ጋር አገናኝና ግባ፤ በቤት ዋይፋይ መሞከር አይቆጠርም።