ማተርሆርንን ከልጆች ጋር ለማየት ለምታስቡ

ጤና ይስጥልኝ፣ ውድ ወገኖች፤

በትምህርት ቤት ዕረፍት ልጆቿን ይዛ በማተርሆርን ተራራ ሥር ወዳለችው ወደ ዘርማት ለመሄድ ምክር ለጠየቀችን እህታችን መልስ እንዲሆን፣ ሌሎቻችሁም እንድትጠቀሙበት የማውቀውን እጽፋለሁ። ስዊዘርላንድ ለዓመታት ኖረን ማተርሆርንን በፎቶግራፍ ብቻ የምናውቅ ብዙዎች ነን፤ ተራራው ለቱሪስት እንጂ ለእኛ እንዳልሆነ ስለምንቆጥር እንቀራለን። እኔ ግን እዚህ አገር ልጅ የሚያሳድግ ሰው ሁሉ ሊያየው ይገባል ባይ ነኝ።

ዘርማት ተራ መኪና ስለማይገባበት በመኪና የሚመጣ ሰው ቴሽ በተባለችው አጎራባች መንደር አቁሞ በባቡር ይቀጥላል፤ ከበርን ወይም ከሎዛን በባቡር የሚነሳ ደግሞ ፊስፕ ላይ ቀይሮ ከዚያ ከአንድ ሰዓት ትንሽ በሚበልጥ ጊዜ ውስጥ ይደርሳል። ሃልብታክስ (የግማሽ ዋጋ ካርድ) ካላችሁ ትኬቱን በግማሽ ዋጋ ታገኛላችሁ፤ እ.ኤ.አ. በ1898 ሥራ በጀመረውና 3,089 ሜትር ላይ ወዳለው ጎርነርግራት በሚወጣው ባቡርም ያገለግላል።

ለቤተሰብ ከሁሉም አስበልጬ የምመክረው ግን የአምስቱን ሐይቆች መንገድ ነው። ከዘርማት በላይ ካሉት የተራራ ማጓጓዣ ጣቢያዎች ከብላውሄርድ ተነስቶ ሱኔጋ የሚያልቅ አሥር ኪሎ ሜትር ያህል ጉዞ ሲሆን፣ አዋቂ ሰው በሦስት ሰዓት ገደማ ይጨርሰዋል፤ ከልጅ ጋር ግን ግማሽ ቀን ያዙለት። መጀመሪያ የምታገኙት ሽቴሊዜ ነው፤ ነፋስ ሳይነሳ በጠዋት ከደረሳችሁ ተራራው ከነጫፉ ተገልብጦ ውኃው ውስጥ ይታያችኋል። ሞስዪዜ የሚባለው ደግሞ ከበረዶ ግግር በሚወርደው ደቃቅ አፈር ምክንያት ወተት የተቀላቀለበት ይመስላል። መንገዱ በአብዛኛው ቁልቁለት ነው፤ ከሞስዪዜ በኋላ ያለው ዳገት ግን የደከመ ልጅን ስለሚፈትን ስንቁን እስከዚያ ድረስ አትጨርሱት። ትንንሽ ልጆች ያሏችሁ ሙሉውን መንገድ ትታችሁ ከሱኔጋ በታች ያለው ላይዜ ዳር ብትውሉ ይበቃችኋል፤ ልጆቹ ውኃው ውስጥ እየተንቦጫረቁ ተራራውን ፊት ለፊት ያያሉ።

ብላውሄርድ 2,571 ሜትር ላይ ስለሆነ ከአዲስ አበባም ከፍ ይላል። ራስ ደጀንም 4,478 ሜትር ካለው ማተርሆርን ይበልጣል፤ ነገር ግን የደጋ ልጅ ነኝ ብሎ መተማመን አይገባም፤ ቆላማው ስዊዘርላንድ ብዙ ዓመት የኖረ ሰውም ሆነ እዚህ የተወለደ ልጅ ከፍታውን አልለመደም። ጫፉ ላይ መውጣትማ የሠለጠነ ሰው ሥራ ነው። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 14 ቀን 1865 መጀመሪያ ከወጡት ሰባት ሰዎች አራቱ ሲወርዱ ወድቀው ሞተዋል፤ የተበጠሰው ገመድ ዛሬም በዘርማት ሙዚየም ይታያል።

በእግር መንገዱ ላይ ቢጫ ምልክቱ ቀላል መንገድን ሲያመለክት፣ ነጭ-ቀይ-ነጭ ጠንካራ ጫማና ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ ነጭ-ሰማያዊ-ነጭ ካያችሁ ከልጆች ጋር አትግቡ። ከሰዓት በኋላ ነጎድጓድ ሊመጣ ስለሚችል በሐምሌም ቢሆን ሹራብና የዝናብ ልብስ ያዙ። አደጋ ከደረሰ ዘርማት በሚገኝበት በቫሌ ካንቶን የሚደወለው 144 ነው። የመድን ጉዳይንም አደራ እላለሁ፦ በሳምንት ቢያንስ 8 ሰዓት ለአንድ አሠሪ የሚሠራ ሰው ከሥራ ውጭ ለሚደርስበት አደጋም በአሠሪው በኩል መድን አለው፤ ልጆች ግን በጤና መድን ሥር ስለሆኑ መሠረታዊው ውል የነፍስ አድን ወጪውን ግማሽ ብቻ፣ ያውም በዓመት እስከ 5,000 ፍራንክ ይከፍላል። ስለዚህ ከመነሳታችሁ በፊት ተጨማሪ ውል እንዳላቸው አረጋግጡ።

በመጨረሻም ኤን (የጥገኝነት ጠያቂ) ወይም ኤፍ (በጊዜያዊነት የመቆያ) ፈቃድ የያዛችሁ ወገኖች፣ ክላይን ማተርሆርን ከተባለው ሌላ ጫፍ በኬብል ካር ተሻግሮ ወደ ቸርቪኒያ የሚወርደው መስመር ጣሊያን የሚያስገባ መሆኑን ልብ በሉ። ከስዊዘርላንድ ለመውጣት አስቀድሞ የተሰጠ ፈቃድ ከሌላችሁ ትኬት ስትቆርጡ ደርሶ መልሱ ዘርማት ላይ የሚያበቃውን ብቻ ጠይቁ።